ስለ ኮንክሪት መንገድ መሠረት

ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በውኃ ተለውሶ ሲደርቅ ኮንክሪት ይባላል። ጥንካሬው እንደ ድንጋይ ስለ ሆነ፣ በላዩ የሚሄድ ሰው ከበታቹ ስላለው ነገር አያስብም። ነገር ግን የመንገዱ ዕድሜ የተመሠረተው በማይታየው ክፍል ላይ ጭምር ነው።

የኮንክሪት መንገድ ሦስት ክፍል አለው፤ ከታች የአገሩ አፈር፣ በመካከል ተጠቅጥቆ የተደለደለ የጠጠር መደብ፣ ከላይም የኮንክሪቱ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ግትር ስለ ሆነ የመንኰራኵሩን ክብደት በሰፊው ያካፍለዋል፤ በአፈሩም ላይ የሚያርፈው ጫና ጥቂት ነው። እንግዲህ መደቡ ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፤ ሲለጥጡት ግን ይሰነጠቃል። ከበታቹ ባዶ ስፍራ የተገኘ እንደ ሆነ ጭነት ሲያልፍበት ይጐብጣል፤ ኋላም ይሰበራል።

ይህን ባዶ ስፍራ ብዙ ጊዜ የሚያበጀው ውኃ ነው። ዝናብ በንጣፉ መጋጠሚያ ይገባል፤ ከባድ ካሚዮን በጫፉ ሲያልፍ ንጣፉ ውኃውን ይጫነዋል፤ ውኃውም ደቃቁን አፈር ይዞ ይረጫል። ይህም በተደጋገመ ቍጥር ጕድጓዱ ይሰፋል።

በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ በኦታዋ ከተማ አጠገብ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1958 እስከ 1960 ዓመት ድረስ፣ ለፈተና በተሠሩ መንገዶች ላይ ካሚዮኖች ተመላለሱ። እስከ ፍጻሜው በጸኑት ክፍሎች ላይ 1,114,000 ያህል የመንኰራኵር ዘንግ አለፈ። በፈረሱት የኮንክሪት ክፍሎች፣ ከስብራቱ አስቀድሞ የታየው ከበታች የጠጠርና የአፈር መረጨት ነበረ። የመደቡን ውፍረት ከ3 ወደ 9 ኢንች ማሳደግ ግን ብዙ ልዩነት አላመጣም። ከዚህ የምንማረው፣ መደብ የሚጠቅመው በመወፈሩ ሳይሆን ውኃ የማይሸረሽረው በመሆኑ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ጠጠሩን በጥቂት ሲሚንቶ ያጣብቁታል፤ ለውኃውም መውጫ ያበጃሉ።

መምህሩ ይህን ለተማሮቹ ለማሳየት ቢፈልግ፣ አንድ ጣውላ በረጠበ ጭቃ ላይ አጋድሞ ጫፉን ደጋግሞ ይርገጥ። ጭቃው ሲረጭ ያዩታል፤ ጣውላውን ቢያነሡም የተቦረቦረውን ስፍራ ያገኙታል።

ሽማግሎች እንደሚያውቁት፣ የአገራችን ጥቁር መረሬ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የተሠራ መንገድ ጠላቱ ውኃ ነውና፣ የመንገድ ዳር ቦይ በጥራጊና በአፈር እንዳይደፈን መጠበቅ ይገባል። ክረምት ሳይገባ ቦይ መጥረግ ጥቂት ድካም ነው፤ የተሰበረ መንገድ እንደገና መሥራት ግን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል።