የጨለማውን መንገድ ካርታ ላይ ማስፈር፦ ለጭሮና ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ወጣት ሴቶች

ማታ ከትምህርት ወይም ከሥራ የምትመለስ ወጣት የትኛው መታጠፊያ እንደሚያሰጋት ታውቃለች። በጭሮም፣ በሂርናም፣ በገለምሶም ይህ እውቀት ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ሲተላለፍ ይኖራል፤ የማዘጋጃ ቤት ዕቅድ ውስጥ ግን አይገባም። እንዲገባ የሚያደርገው በማስረጃ የተደገፈ ካርታ ነው።

ደረጃ 1፦ ቡድን አቋቁሙ
የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሴቶች ክበብ አባላትን፣ በሻይ ቤትና በጉሊት የሚሠሩ ሴቶችን አሰባስቡ። ለአካለ መጠን ላልደረሱት የወላጅ ፈቃድ ያዙ፤ ለቀበሌውም አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ደረጃ 2፦ መንገድ ምረጡ
ከተማውን በሙሉ ለመሸፈን አትሞክሩ። ከመናኸሪያ፣ ከገበያና ከትምህርት ቤት ወደ ሰፈር የሚወስዱ ሦስት አራት መንገዶች ይበቃሉ። ዋናውን አስፋልት ብቻ ሳይሆን ከእሱ ወደ ውስጥ የሚታጠፉትንም ያዙ።

ደረጃ 3፦ ቅጽ አዘጋጁ
በህንድ በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሴፍቲፒን የተባለው መተግበሪያ መብራትን፣ የቦታውን ግልጽነት፣ የእግረኛ መንገድን፣ ትራንስፖርትን፣ የሰው እንቅስቃሴን፣ ሴቶች መኖር አለመኖራቸውንና የመዛኟን ስሜት ይመዝናል። እናንተም ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስጡ። ጥያቄዎቹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁኑ።

ደረጃ 4፦ መዝግቡ
አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ሂዱ፤ ማንም ብቻዋን አትውጣ። ኮቦኮሌክት የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቦታውንም በጂፒኤስ ይይዛል። መረጃውን ኔትወርክ ስታገኙ ትልካላችሁ። የመንገድ መብራትን ስትሪትኮምፕሊት በተባለው መተግበሪያ ብትሞሉ ለሁሉም ክፍት በሆነው ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው ካርታ ላይ ይቀመጣል።

ደረጃ 5፦ ሰውን ጠብቁ
ካርታው ቦታን ያሳይ፤ ሴትን አያጋልጥ። ስም፣ መኖሪያ ቤትና የፊት ፎቶ አታስገቡ። ጥቃት የደረሰባት ካለች ምዝገባውን ትታችሁ፣ ፈቃዷን ጠይቃችሁ ወደ ጤና ተቋም አድርሷት፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥርም ይሻላል። ለፖሊስ ማመልከት ከፈለገች አብራችኋት ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ጥያቄውን አቅርቡ
ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙትን ሦስት ቦታዎች ምረጡ። ለእያንዳንዱ ፎቶ፣ ነጥብ፣ የሚፈለገውን ሥራና ባለቤቱን ጻፉ፦ አምፖሉ የማን ነው? የባጃጅ ማኅበሩ የማታ ተራ የት ይያዝ? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ጥያቄያችሁ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ወቅት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ለማዘጋጃ ቤቱ ይድረስ።

ደረጃ 7፦ ደግማችሁ መዝኑ
ከሥራው በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቅጽ ተመልሳችሁ ነጥቡን አወዳድሩ። አምፖሉ በርቶ ሴቶች አሁንም ያንን መንገድ የሚሸሹ ከሆነ ሥራው አላለቀም፤ አዲሱን ካርታ ይዛችሁ እንደገና ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ግቡ።