የገደል እሬት

ምእመናን ሆይ፥ ከሱሉልታ አልፎ ወደ ሙገር ሸለቆ በሚወርደው ገደል፥ አፈር እምብዛም በሌለበት ዓለት ላይ፥ አንድ የእሬት ዓይነት ይበቅላል። በወፍራም ቅጠሉ የክረምቱን ውሃ አኑሮ በጋውን ይሻገራል፤ አበባውም ቀይ ነው። ይህ ተክል ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ማይክል ጊልበርት በ1997 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ሲያስታውቁት፥ በላቲን ቋንቋ «እጅግ ያማረ» ብለው ሰየሙት።

የእሬት ስም ለወንጌል አንባቢ እንግዳ አይደለም። ኒቆዲሞስ ለጌታችን ግንዘት ካመጣው መቶ ንጥር ሽቱ አንዱ እሬት ነበር (ዮሐ. 19፥39)።

እንግዲህ ለቤት መሥሪያ ድንጋይ ስንፈነቅል ይህን ተክል ከነሥሩ ብናጠፋው፥ ምትኩን ከየት አገር እናስመጣለን? ስለዚህ ካህናት ያስተምሩ፤ ድንጋይ አውጪውም አይቶ ይለፈው።