የጨቅላ ጉበት ለምን ዘግይቶ ሥራ ይጀምራል?

እንደሚታወቀው ጉበት ደምን የሚያጸዳው ኤንዛይም በሚባሉ ሥራ አፋጣኞች አማካይነት ነው። ታዲያ የጨቅላ ጉበት መጠኑ አነሰ እንጂ እንደ አዋቂው ይሠራል ወይ? አይሠራም። ለዚህ አንዱን ኤንዛይም እንመልከት።

ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ብጫ ነገር ይወጣል። ይህ ነገር በውኃ አይሟሟም። የጉበት ኤንዛይም ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር ሲያጣምረው ግን ይሟሟና ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ወርዶ ይወገዳል።

ጽንሱ በማኅፀን ሳለ የዚህ ኤንዛይም ጉልበት እጅግ ትንሽ ነው። እስከ 30ኛው ሳምንት ከአዋቂው ከ1000 1 እጅ፣ በመውለጃው ሰሞን ደግሞ ከ100 1 እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህ ጉድለት እንዳይመስላችሁ! የእንግዴ ልጁ ወደ እናት ደም የሚያሳልፈው ያልተጣመረውን ቢሊሩቢን ነው፤ የተጣመረው በቀላሉ አያልፍም። እንግዲህ የጽንሱ ጉበት ቀድሞ ቢነቃ ኖሮ ቆሻሻው እዚያው በተጠራቀመ ነበር። ለጊዜው የሚያጸዳለት የእናቱ ጉበት ነው።

እትብቱ ሲቆረጥ ይህ እርዳታ ይቋረጣል። ኤንዛይሙን የሚቀሰቅሰውም መወለዱ ራሱ ነው፤ የአዋቂውን መጠን የሚደርሰው ግን በ3 ወር ገደማ ነው። ጊዜያቸውን ጠብቀው ከሚወለዱት 60 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ብጫ የሚሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን አለማወቅ ብዙ ጨቅላዎችን ለሞት ዳርጓል። ክሎራምፌኒኮል የተባለውም መድኃኒት ከሰውነት የሚወገደው በዚሁ መንገድ ተጣምሮ ነው። በብዛት ሲሰጣቸው በደማቸው ተጠራቅሞ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ቆዳቸው አመድ መስሎ ይሞቱ ነበር። አደጋውን በ1959 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ይፋ አደረገው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

1. የአዋቂ መድኃኒት ቆርሶ ለጨቅላ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

2. ብጫነቱ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ እጅና እግር ከደረሰ ወይም ሕፃኑ አልጠባም ካለ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቢሊሩቢን አንጎል ከገባ ሊያደነቁር፣ ሊያሽመደምድ፣ ሊገድልም ይችላል።

3. በጠቆረ ቆዳ ላይ ብጫነቱ ቶሎ ስለማይለይ የዓይኑን ነጭና ድዱን እንይ።

4. ጧት ፀሐይ ማሞቅ የሐኪም ቤቱን ሰማያዊ ብርሃን አይተካም።

እጩ መምህራን! ነገ በምንመደብበት ቀበሌ «ልጄ ብጫ ሆነብኝ» የምትል እናት መጀመሪያ የምታማክረው አስተማሪውን ሊሆን ይችላል። መልሱን ዛሬ እንያዝ።

የመወያያ ጥያቄ፦ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ብጫነት ለምን ይበረታል?