ከሪባኑ ማግስት

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከእድር ስብሰባ ስንወጣ «አባባ፣ ለከተማችን አንድ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መንገድ ላይ ቆሜ የምመልሰው ጥያቄ አልሆነልኝም። በእድር ጸሐፊነትም በውሃ ኮሚቴም ያሳለፍኳቸውን ዓመታት አገላብጬ፣ እርግጠኛ የሆንኩበትን ብቻ ጻፍኩልሽ።

1. ሥራሽን በሐምሌ ምረጪ። ዝናቡ አባርቶ ጎርፉ ሳይጎድል ቦቲሽን አጥልቀሽ ከገበያው እስከ ትምህርት ቤቱ በእግርሽ ሂጂ። ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በየት እንደሚሻገሩ፣ ጀሪካን ያዘለችን እናት የት ላይ እንደሚያዳልጣት ተመልከቺ። ሰው በስብሰባ ላይ «ምን ይሠራልህ?» ሲባል አስፋልትና ስታዲየም ይላል፤ ቤቱ ሲገባ የሚያማርረው ግን ደጁ ላይ የተደፈነውን ቦይ ነው። ከቦዩ ጀምሪ። አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል፤ ያን ዕለት አካፋ የያዘ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ሥራ ሲጠሩት ይመጣል።

2. አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሚ። ሰው የሚያምነውም የሚያፍረውም ስብስብ ድሮውኑ አለ፤ እድር፣ እቁብ፣ ሰንበቴ፣ የመስጊዱ ጀመዓ። እድር የአባላት ስም ዝርዝር አለው፣ መዋጮ ሰብሳቢ አለው፣ የቀረ የሚቀጣበት ደንብ አለው፣ ጡሩምባ ነፊ አለው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ ለማስገባት ሲነሡ፣ ነጋዴውም ቀን ሠራተኛውም በየአገሩ ልጅነት ተሰባስቦ አዋጣ። መንግሥትም ደገፋቸው። በኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት የተባለው ከዚያ የመንገድ ሥራ የተወለደ ነው። ሁለት ነገር ልብ በይልኝ፤ የተነሡት ለአንድ ነገር፣ ለመንገድ ነበር፤ ያዋጣውም ሰው አጠገቡ ያዋጣውን ያውቀው ነበር። በ1990ዎቹም ኤች አይ ቪ በየቤቱ ሲገባ፣ ቀብር ብቻ ያውቁ የነበሩ አንዳንድ እድሮች ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ወደ መደገፍ ዞሩ። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ መዝገቡም ያው።

3. ገንዘብ ከመሰብሰብሽ በፊት ሂሳቡን የት እንደምትለጥፊው ወስኚ። ከባንክ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ይሁን፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። በየወሩ ገቢና ወጪው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በመስጊዱ ደጅና በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የምስማር ዋጋ እንኳ አይቅር። ዋሺንግተንና ጂዳ ያሉት የከተማችን ልጆች ለመስጠት አይሰስቱም፤ ግን «ለልማት» ብቻ ተብለው ከተጠየቁ አንዴ ይሰጡና ይጠፋሉ። «አሥራ አምስት ሜትር ቦይ፣ ይህን ያህል ሲሚንቶ» በያቸው፤ ሲያልቅ ደረሰኙንና ፎቶውን ላኪላቸው። ብር የሌለው ጉልበቱን ይስጥ፤ ስሙም በመዝገቡ ላይ ከብር ሰጪው እኩል ይጻፍ። ይህን አደራ እልሻለሁ። ሦስት ቀን ድንጋይ ተሸክሞ ሲያበቃ ስሙ ሳይነበብ ቀርቶ አንገቱን የደፋ ሰው አይቻለሁ፤ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

4. ከሪባኑ ማግስት ቁልፉን ማን ይይዛል? ይህን ሳትመልሺ የመሠረት ድንጋይ አታስቀምጪ።

መናኸሪያው አጠገብ ስላለው ሽንት ቤት ልንገርሽ። ነገሩን ያነሡት ሴቶች ናቸው፤ ከገጠር ለገበያ የሚመጡ እናቶች ቀኑን ሙሉ ተጨንቀው ይውሉ ነበር። አዋጣን፣ የሚረዳንም አገኘን፣ አራት ክፍል አሠራን። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ እኔም ንግግር አደረግሁ። በሦስተኛው ወር በሩ ተቆለፈ። ቁልፍ ያዡ ሥራ ለቅቆ ሄዷል፤ የውሃው ቆጣሪ በማን ስም እንደሆነ አይታወቅም፤ ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና ማን እንደሚጠራ የትም አልተጻፈም። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱን የማሳብበው በሌላ ሰው አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚያ እናቶች የተዘጋ በር እያዩ አለፉ።

ያዳነችው በሩ ላይ ቆሎ የምትሸጥ አንዲት እናት ነች። «ለእኔ ስጡኝ» አለች። ውል ተጻፈላት፤ ከሚገባው ሰው ጥቂት ትቀበላለች፣ ሳሙናና ውሃ ትገዛለች፣ ከገቢውም ለማስመጠጫ የሚሆነው ለብቻው ባንክ ይገባል። እስከ ዛሬ ክፍት ነው፤ እንጀራዋ ነዋ! ስለዚህ የምትሠሪው ሁሉ፣ ቦኖም ይሁን ቤተ መጻሕፍት፣ ሦስት ስም ይኑረው፤ ቁልፍ ያዥ፣ ሂሳብ ከፋይ፣ ሲበላሽ ጠጋኝ። ከየስማቸው አጠገብ ክፍያቸውን ጻፊ። ለዓመታት በነጻ የሚያገለግል ሰው ብታገኚ እንኳ ደግነቱን መጨረስ ነውር ነው።

5. ችግኝ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አረንጓዴ አሻራ ብለን በየክረምቱ እንተክላለን፤ መልካም ነው። አንቺ ግን ጥር ላይ ማን እንደሚያጠጣው፣ ከፍየል በምን እንደሚታጠር ጠይቂ። ለአንድ ክፍል ተማሪዎች አሥር ችግኝ ስጪና ዓመቱን ሙሉ የእነሱ ይሁን።

6. ማዘጋጃ ቤቱን አትሽሺው። ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ያስነጠፈው ኮብልስቶን ዓመት ሳይሞላው ለውሃ መስመር ሲነቀል አይቻለሁ፤ የሁለቱን ሥራ ፕላን ጎን ለጎን ያየ ሰው አልነበረም። ሄደሽ ፕላኑን እዪ። ደብዳቤሽን መዝገብ ቤት አስገቢ፣ ቁጥሩን ያዢ፣ መልሱን በማኅተም ተቀበዪ። ኃላፊ ይቀያየራል፤ በቃል የተገባልሽ ነገር አብሮት ይሄዳል።

7. ያሙሻል። «ምን ልታገኝበት ነው?» ይሉሻል። የተለጠፈውን ሂሳብ አሳዪአቸውና ወደ ሥራሽ ተመለሺ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግን አንድ ታናሽሽን መዝገብ አያያዝ አስተምሪ፤ ስታገቢ ወይም ሥራ አግኝተሽ ስትሄጂ ሁሉ ነገር አብሮሽ እንዳይሄድ።

8. አምና ሐምሌ ውሃው የተኛው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ፣ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት እዚያ እንገናኝ። ጡሩምባ ነፊውን ዓርብ አነጋግረዋለሁ፤ ዶማና ባሬላ እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ቡናውን እናትሽ አፈላለሁ ብላኛለች። አንቺ ደግሞ ቦዩን ከቅዳሜ በኋላ በየወሩ የሚጠርገውን ሰው ስም በወረቀት ጽፈሽ ይዘሽ ነይ።