ሕግ ያልከለከለው ሁሉ የተፈቀደ ነውን?

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከሚኖሩት ምእመናን መካከል፦ ማሪዋናን የክፍለ ግዛታችን ሕግ ከፈቀደው፥ በሱቅም በግልጥ ከተሸጠ፥ ቤተ ክርስቲያን ስለ ምን ትከለክለናለች? ብለው የሚጠይቁ አሉ። ለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት የሕጉን ነገር ማወቅ ይገባናል።

የአገሪቱ ማዕከላዊ መንግሥት ዕፁን እ.ኤ.አ. በ1937 በከባድ ቀረጥ አጠበበው፤ በ1970 በወጣው ሕግ ደግሞ እጅግ ከተከለከሉት ጋራ መደበው። ይሁን እንጂ ካሊፎርንያ በ1996 ለሕክምና፥ ኮሎራዶና ዋሽንግተን በ2012 ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላው ሁሉ በሕዝብ ድምፅ ፈቀዱ። በአንድ ምድር ሁለት ሕግ ቆመ ማለት ነው። ይህን ለማስታረቅ የቀረበው «ሞር» የተባለው ረቂቅ ሕግ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት በ2020 በ228 ድምፅ በ164 ላይ፥ በ2022ም በ220 በ204 ላይ አልፎ ሳለ፥ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ።

የረቂቁ አሳብ ዕፁን ለማመስገን አይደለም። ከተከለከሉት መዝገብ ይውጣ፥ ቀረጥ ይከፈልበት፥ በእርሱ ምክንያት የተፈረደባቸውም ሰዎች የወንጀል መዝገባቸው ይሰረዝላቸው የሚል ነው። ስለዚህ ስለ መጨረሻው ልናዝን አይገባንም። ጥቂት ቅጠል በኪሱ የተገኘበት ወጣት ዕድሜውን ሙሉ ሥራና ቤት ቢያጣ ከሱሱ አልዳነም፤ ይልቁንም ጥቁሮች ከነጮች አብልጠው ሲያዙበት የኖረ ሕግ ነው።

ነገር ግን ዳኛው ቅጣቱን ቢያነሣ የነፍስ አባት ምክሩን ያነሣል ማለት አይደለም። ጠላና ጠጅን የከለከለ ዐዋጅ በአገራችን የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ስካርን ትነቅፋለች። ረቡዕና ዓርብንም የምንጾመው ዘበኛ ስለሚጠብቀን አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፥ የተፈቀደ ሁሉ እንደማይጠቅም፥ ለአንዳች ነገርም ባሪያ መሆን እንደማይገባ አስረድቷል። በሐኪም ትእዛዝ ስለሚወስደው ሕመምተኛ አንናገርም፤ ለደስታ ብሎ የሚያጤሰው ግን አስቀድሞ የሚያጣው ለጸሎት የሚያስፈልገውን ንቁ ልቡና ነው።

ካህናት ሳይናገሩት ሊያልፉ የማይገባ ሌላም ነገር አለ። የአገሪቱ የዜግነት ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ፥ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ቢፈቅድም እንኳ፥ ዕፁን መያዝም ሆነ በንግዱ ተቀጥሮ መሥራት ለዜግነት የሚፈለገውን የመልካም ጠባይ ምስክርነት ሊያሳጣ እንደሚችል አስታውቋል። ረቂቁ ይህን መሰናክል ከስደተኛው ላይ ሊያነሣ አስቦ ነበር፤ ሆኖም አልጸደቀም። እንግዲህ ዜግነት ያላገኘ ወንድማችን በዚህ ንግድ ሥራ ቢያገኝ፥ ውሉን ከመፈረሙ አስቀድሞ ከነፍስ አባቱ ጋራ የስደተኞችን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃም ይጠይቅ።