“ምን ሰማሽ?” ፦ የኬን ቡዝን ድምፅ ማድመጥ

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ዘፋኝ መርጠን እንድንገመግም ታዘዝን። እኔ ጃማይካዊውን ኬን ቡዝን መረጥኩና “ድምፁ ጣፋጭና ማራኪ ነው” ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን ከሥሩ በቀይ አስምረው “ምን ሰማሽ?” ብለው መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ይህች ጽሑፍ የዘገየች መልስ ናት።

ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1948 በኪንግስተን፣ ዴንሃም ታውን በተባለ ሰፈር ተወለደ። ስሙ የገነነው በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በስቱዲዮ ዋን ሲቀዳ ነው። ያኔ ፈጣኑ ስካ ረገብ ብሎ ሮክስቴዲ የሚባለው ስልት መጣ። ምቱ ሲዘገይ ለዘፋኙ ቦታ ተገኘ፤ ቃሉን መጎተት፣ ማዘግየት፣ ዝም ማለትም ይችላል። ይኼ ለቡዝ በጣም ተመቸው፤ “ሚስተር ሮክስቴዲ” እስከመባልም ደረሰ።

ታዲያ ድምፁ ውስጥ ምን አለ? እኔ ሦስት ነገር ሰማሁ። አንደኛ፣ ሻካራነቱ። እንደ አሜሪካዊው የሶል ዘፋኝ ዊልሰን ፒኬት ጉሮሮውን ይሞርደዋል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም፣ ስሜቱ ከፍ ሲል ነው። ሁለተኛ፣ መርገብገቡ። የሐረጉን መጨረሻ ቀጥ አድርጎ አይተወውም፣ ያንቀጠቅጠዋል። ሦስተኛ፣ አለመቸኮሉ። ምቱ ቀድሞት ይሄዳል፣ እሱ ከኋላ ዘና ብሎ ይደርሳል።

ሦስቱንም አንድ ላይ ለመስማት “ኤቭሪቲንግ አይ ኦውን” ይበቃል። ዘፈኑን የጻፈው የብሬድ ባንድ አባል ዴቪድ ጌትስ ሲሆን ባንዱ ያወጣው በ1972 ነው። ቡዝ በሎይድ ቻርመርስ አዘጋጅነት በሬጌ ሠራውና በ1974 በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ። የሚገርመው፣ ቡዝ የርዕሱን “ኤቭሪቲንግ” በ“ኤኒቲንግ” ለውጦ ነው የሚዘፍነው። “ያለኝን ሁሉ” የነበረው “ካለኝ የፈለግሽውን” ሆነ ማለት ነው።

እኔ የፍቅር ዘፈን ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ግን ጌትስ የጻፈው ለሞተው አባቱ መታሰቢያ ነው። አባቴን ያጣሁት አሥረኛ ክፍል እያለሁ ስለሆነ ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ ሰማሁት። ቡዝ አያለቅስም። እንግዳ ፊት እንባውን እንደሚውጥ ሐዘንተኛ ድምፁን ይይዘዋል፤ የሚያመልጠው ያቺ የሐረጉ መጨረሻ ላይ ነው። መርገብገቡ ለጌጥ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

እናንተም ሞክሩት። አንድ ዘፈን ሦስት ጊዜ ስሙ፤ አንዴ ለግጥሙ፣ አንዴ ለምቱ፣ አንዴ ለትንፋሹ። ከዚያ “ጣፋጭ ነው” ለማለት ሲያምራችሁ “የቱ ጋ? እንዴት?” ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ለዜናም ቢሆን ሥራችን ይኼው አይደል? መጀመሪያ መስማት፣ ከዚያ መጻፍ።