ስናርፍ ማን ይሠራል?

ስለ ሥራና ስለ ትጋት ብዙ ጊዜ ተምረናል። ስለ ዕረፍት የተማርነው ግን ጥቂት ነው። እንዲያውም ዐረፍ ብሎ የተቀመጠን ወጣት ሰነፍ ማለት ይቀናናል። ስለዚህ ዕረፍት ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ምን ዓይነት እንደሆነና ለማን እንደሚገባ አብረን እንመልከት።

ሀ/ ዕረፍት ለምን ያስፈልጋል?

የሰፈራችን የቡርቃ ጃቶ ስም ራሱ ያስተምረናል። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። ምንጭ ያለ ፋታ ሲቀዳ ይደፈርሳል፤ ጥቂት ሲተዉት ይጠራል። የሰውም አእምሮ እንዲሁ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ አንጎላችን ቀን የተማርነውን ያደራጃል፣ ያጸናል። ስለዚህ ለፈተና ሲያነብ የሚያድር ተማሪ ትምህርቱ የሚጸናበትን ሰዓት ራሱ ይቀንሳል። ሐኪሞች ዕድሜው ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆነ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንዲተኛ ይመክራሉ።

ለ/ ዕረፍትና ሥራ ፈትነት

ቀኑን በጫት፣ ሌሊቱን በስልክ ያሳለፈ ሰው አልሠራም፤ ነገር ግን አላረፈም። ሲነሣም ይበልጥ ደክሞ ነው። እውነተኛ ዕረፍት በፍሬው ይታወቃል፤ ወደ ሥራችን በደስታ፣ ወደ ሰዎች በትዕግሥት ይመልሰናል። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ከጓደኛ ጋር በእግር መንሸራሸር፣ ኳስ መጫወት፣ መዘመር፣ መጽሐፍ ማንበብ፣ እዚሁ ነቀምቴ ያለውን የኩምሣ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ሄዶ ማየት ይቻላል።

ሐ/ ዕረፍት ለማን ነው?

በዘጸአት 23፡12 ያለው የሰንበት ትእዛዝ የቤቱን ጌታ ብቻ አያስብም፤ በሬንና አህያን፣ የአገልጋይን ልጅና መጻተኛን ጭምር ያስባል። በአገራችንም ሰንበት ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰበው ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ወስኗል። የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለሠራተኛ በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል። ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ ወጣት ሠራተኞችን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም በሳምንት ዕረፍታቸው ቀን ማሠራትን ይከለክላል።

ሆኖም አዋጁ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራውን ልጅ ጉዳይ ለሌላ ደንብ ትቶታል። የገዛ እኅታችንንም ሥራ ማንም ሕግ አይቈጥረውም። የእነርሱ ዕረፍት በእኛ ኅሊና ላይ ተጥሏል ማለት ነው።

እስቲ የእሑድን ከሰዓት እናስብ። እኛ ወንዶቹ ከኳስ መጥተን ስንጫወት ውሃውን የቀዳው ማን ነው? ቡናውን የቆላው፣ የወቀጠው፣ ከአቦል እስከ በረካ ከረከቦቱ አጠገብ ያልተነሣው፣ እንግዳው ሲሄድ ሲኒውን ያጠበው ማን ነው? እርሷም ሰኞ ትምህርት አለባት። ዐርፈናል የምንለው ድካማችንን ለእርሷ አስተላልፈን ከሆነ፣ በቤቱ ውስጥ ያለው ድካም አልቀነሰም።

ስለዚህ ይህን እንጀምር። ውሃና እንጨት ቅዳሜ ማታ በጋራ ይዘጋጅ። የእሑድ ቡናና የሲኒ ማጠብ ወንድ ሴት ሳይባል በተራ ይሁን። በቤታችን የምትሠራ ልጅ ካለች፣ የራሷ የሆነ የዕረፍት ቀን እንዲኖራት ወላጆቻችንን በትሕትና እንጠይቅ። ያን ጊዜ ሰንበት ለቤተ ሰቡ ሁሉ ሰንበት ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው እሑድ በቤታችን ያላረፈ ማን ነበር? ለምን?
2. ከዕረፍት ይልቅ ድካም የሚጨምሩብን ልማዶች የትኞቹ ናቸው?
3. በመጪው እሑድ እያንዳንዳችን የማንን ሥራ እንረከባለን?